ስለ ራይንስቶን ጌጣጌጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው የራይንስቶን ጌጥ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እውነተኛ ነው?" ብሎ ነው። አልማዝ ነው ወይ ማለቱ ነው። አልማዝ አይደለም። ግን እውነተኛ ራይንስቶን ነው፣ እሱም የራሱ ታሪክና የራሱ ሙያ አለው። እኔ ይህን ጌጥ ለዓመታት ስሰበስብ፣ ሳጸዳና ስጠግን ቆይቻለሁ። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። የራይንስቶን ምስጢር ያለው ጀርባው ላይ ነው። ለምን እንደሚያበራ፣ ለምን እንደሚሞት፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ዕድሜው እንዴት እንደሚታወቅ፣ ብዙው ነገር ከጀርባው ይነበባል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ራይንስቶን በትክክል ምንድን ነው?

እንደ አልማዝ የተሞረደ ብርጭቆ ነው። ፊቱ ላይ ብዙ ትንንሽ ገጾች ይወጡለታል፣ ይወለወላል፣ ጀርባው ደግሞ እንደ መስታወት በሚያንጸባርቅ ስስ የብረት ሽፋን ይለበጣል። ከዚያ በብረት ጥርስ ተይዞ ወይም በማጣበቂያ ተለጥፎ ጌጥ ላይ ይቀመጣል።

ሁለት ዓይነት ጀርባ አለው። ሹል ጀርባ ያለው ጎድጓዳ መቀመጫ ውስጥ ይገባል፣ ቀለበት፣ ጉትቻና የአንገት ሀብል ላይ በብዛት የምታዩት እሱን ነው። ጠፍጣፋው ልብስ፣ ጫማና ቦርሳ ላይ ይለጠፋል። ከጠፍጣፋዎቹ ውስጥ ጀርባቸው ላይ አስቀድሞ ማጣበቂያ የተቀባላቸው አሉ፣ በሙቀት ሲተኮሱ ጨርቁ ላይ ይጣበቃሉ።

ስሙ ከየት መጣ?

ከራይን ወንዝ። ከአልፕስ ተራሮች ተነስቶ ወደ ሰሜን ባሕር የሚፈሰው ይህ ወንዝ ዳርቻው ላይ ድሮ ብርሃን የሚያሳልፉ የኳርትዝ ጠጠሮች ይለቀሙ ነበር። ሲሞረዱና ሲወለወሉ ያበራሉ። "የራይን ድንጋይ" የተባሉት እነሱ ናቸው። ያ እንግዲህ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው። በኋላ ብርጭቆው መጥቶ ቦታውን ሲወስድ ስሙንም አብሮ ወረሰ። ዛሬ ራይንስቶን የምንለው ነገር ከወንዙ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም።

በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን ይኸው ጌጥ "ስትራስ" ነው የሚባለው። ይህኛው የሰው ስም ነው።

ስትራስ ማን ነው?

ጆርጅ ፍሪድሪሽ ስትራስ በ1701 በስትራስቡርግ አካባቢ የተወለደ ጌጥ ሠሪ ነው። ወደ ፓሪስ ሄዶ ሠራ፣ እዚያም ስሙ ገነነ። በ1734 የንጉሡ ጌጥ ሠሪ የሚል ማዕረግ አገኘ። ዘመኑ የሉዊ 15ኛ ነው። ስሙን ያስጠራው ከሁሉ በላይ አልማዝ መሰሉ ብርጭቆው ነበር። በ1773 ሲሞት ስሙ ከራሱ አልፎ የዕቃው መጠሪያ ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

ሁሉንም ነገር ግን እሱ ብቻውን አልፈጠረም። ከእሱ በፊት በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የሚባል ብርጭቆ ሠሪ በ1674 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የብርጭቆ አሠራር ነበር። ይህ አሠራር ወደ እርሳስ ብርጭቆ አመራ። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ነው። የእርሳስ ኦክሳይድ ሲገባበት ብርጭቆው ይከብዳል፣ ይጠራል፣ ለሞረድ ይመቻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃንን አብዝቶ ያጥፋል፣ ወደ ቀስተ ደመና ቀለማትም ይበትናል። ስትራስ ይህን ብርጭቆ ወስዶ እንደ ክቡር ድንጋይ አከበረው። በጥንቃቄ ሞረደው፣ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ለምንድን ነው ጀርባው የሚለበጠው?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ብርሃን ወደ ድንጋይ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል። ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካበት ቁጥር አለ። ለአልማዝ 2.42 ነው። ለተራ ብርጭቆ 1.5 አካባቢ ነው። የእርሳስ ብርጭቆ ከተራው ከፍ ይላል፣ ግን አልማዝ ጋ አይደርስም። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ከድንጋዩ ሾልኮ ለመውጣት ይቸገራል። አልማዝ ውስጥ የገባ ብርሃን ከታች ያሉትን ገጾች ሲመታ አብዛኛው መውጫ ያጣል። ወዲያ ወዲህ ተንጸባርቆ በገባበት በኩል፣ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ብርጭቆ ውስጥ የገባው ግን ብዙው በጀርባ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። አልማዝ ብርሃንን ይይዛል፣ ብርጭቆ ያፈሳል።

ስለዚህ የሚያፈሰው ቦታ ይደፈናል። ጀርባው ላይ የብር ሽፋን ሲደረግ ሊያመልጥ የነበረው ብርሃን ተመልሶ ይመጣል።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ቀን ሁለት እኩል ፈርጦችን፣ አንዱን የተለበጠ፣ አንዱን ያልተለበጠ፣ የታተመ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ባልተለበጠው በኩል ከሥር ያሉት ፊደሎች የተሰባበሩ ጥቁር ጭረቶች ሆነው ይታያሉ። ፈርጡ እንደ ውኃ ጠብታ ነው፣ ያምራል፣ ግን ዝም ያለ ነው። የተለበጠው ከሥሩ ያለውን ጨርሶ አያሳይም። ጣቴን ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሳንቀሳቅስ ብልጭ ብልጭ ይላል። ብርጭቆው አንድ ዓይነት ነው። የለያቸው ከፀጉር የቀጠነች ሽፋን ናት።

በስትራስ ዘመን ይህ ሽፋን በብርጭቆው ላይ የሚቀባ አልነበረም። የሚያብለጨልጭ ስስ የብረት ቅጠል መቀመጫው ውስጥ ይነጠፋል፣ ፈርጡ በላዩ ይቀመጣል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ይዘጋል። አየርና እርጥበት እንዳይገባ ነው። ከእነዚያ ፈርጦች ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አላቸው። የዘመኑ አልማዝ ታችኛው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚሞረድ ከላይ ሲያዩት መሃሉ ጠቆር ይል ነበር። ብርጭቆ ሠሪዎቹ ያንን እንኳ አላለፉትም።

ድሮ ራይንስቶን የሚያደርጉት አልማዝ መግዛት ያቃታቸው ብቻ ነበሩ?

አይደለም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት የሚገቡ፣ አልማዝ በሣጥን ያላቸው ሰዎች ያደርጉት ነበር። ወንዶችም ጭምር። በየሙዚየሙ ከተቀመጡት የዘመኑ የብርጭቆ ፈርጥ ሥራዎች ውስጥ የወንዶች የጫማ ዘለበት ብዙ ነው።

አንዱ ምክንያት ጸጥታ ነው። መንገድ ላይ ሽፍታ ያጋጥማል፣ አልማዙን ቤት ትቶ ብርጭቆውን አድርጎ መጓዝ ይሻላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ምክንያት ነው። አልማዝ ውድ ስለሆነ የሚሞርደው ሰው በተቻለ መጠን ትንሽ ነው የሚያነሣለት፣ የድንጋዩ ቅርጽ ያዘዋል። ብርጭቆ ሲሆን ግን እጁ ነጻ ነው። አንዱን ፈርጥ ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር ልክ እስኪገጥም ድረስ መሞረድ ይችላል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጥሩ ሥራ ብታዩ ፈርጦቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በመካከላቸው ብረት አይታይም ማለት ይቻላል። ይህን በአልማዝ መሥራት እብደት ነበር። በብርጭቆ ግን ተሠራ።

ደግሞም ሻማ አለ። የዚያን ጊዜ ግብዣ የሚደምቀው በሻማ ነው። የሻማ ነበልባል ትንሽ ናት፣ ትወዛወዛለች፣ ለብልጭታ ከእሷ የተሻለ ብርሃን የለም። ዕድሉ ካላችሁ አንድ አሮጌ የራይንስቶን ጌጥ መብራት አጥፍታችሁ በሻማ ተመልከቱ። ለምን እንደተሠራ ያኔ ይገባችኋል።

ስዋሮቭስኪ ምን ለወጠ?

ብዛትንና ትክክለኛነትን አመጣ።

ቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ክፍል፣ ለረጅም ዘመን የብርጭቆ አገር ናት። በተለይ ያብሎኔትስ፣ በጀርመንኛ ጋብሎንዝ የምትባለው ከተማና አካባቢዋ የሚኖሩት በብርጭቆ ጌጥ ነበር። ቤተሰብ በየቤቱ፣ በየትንሹ ወርክሾፕ ይሞርዳል። ዳንኤል ስዋሮቭስኪ በ1862 የተወለደው በዚህ አካባቢ ነው፣ አባቱም ብርጭቆ ሞራጅ ነበር። በ1883 ቪየና ላይ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን አዲሶቹን ማሽኖች አየ። አየና ጭንቅላቱ ውስጥ ቀረ። በ1892 ብርጭቆ የሚሞርድ ማሽን አስመዘገበ። በ1895 ከሸሪኮቹ ጋር ወደ ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ወደምትገኘው ቫተንስ ሄዶ ፋብሪካ ከፈተ። ቦታው የተመረጠው ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ የውኃ ኃይል ስላለውና ከቦሄሚያ ተፎካካሪዎች ዓይን ስለሚርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሺህ ፈርጥ ብታዙ ሺሁም እኩል ሆኖ ይመጣል። ለጌጥ ነዳፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርግጥ አሮጌው የእጅ ሞረድ፣ ገጾቹ ትንሽ ተዛንፈው እያንዳንዱ ፈርጥ ለብቻው የሚጠቅስበት፣ ለእኔ አሁንም ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው። ግን ያለ ማሽኑ ራይንስቶን ለብዙ ሰው ባልደረሰም ነበር።

የጋብሎንዝ ታሪክ መጨረሻው ያሳዝናል፣ ያስደንቃልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከአካባቢው ተባረረ። ብዙ ጌጥ ሠሪዎች ባቫሪያ ውስጥ ካውፍቦይረን አጠገብ ሰፈሩ። ሙያቸውን እዚያው እንደገና ጀመሩ፣ ሰፈሩንም ኖይጋብሎንዝ አሉት፣ አዲሲቷ ጋብሎንዝ።

ራይንስቶን ሁሉ ስዋሮቭስኪ ነው?

አይደለም። ስዋሮቭስኪ የአንድ ድርጅት ስም ነው። ራይንስቶን የዕቃው ስም ነው። ለምሳሌ የቼኩ ፕሪሲዮዛም በጣም ጥሩ ፈርጥ ይሠራል።

ፋሽን የሆነው መቼ ነው?

በ1920ዎቹ። ከዚያ በፊት የብርጭቆ ጌጥ አልማዝ ለመምሰል ይጥር ነበር። ፈረንሳዊቷ ልብስ ነዳፊ ኮኮ ሻኔል መጣችና ጌጥ ዋጋው ሳይሆን ውበቱ ይታይ አለች። እውነተኛውን ዕንቁ ከሰው ሠራሹ ቀላቅላ አደረገች፣ ደንበኞቿም ተከተሏት። ሌላዋ ልብስ ነዳፊ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ ደግሞ ጌጡን ወደ ጨዋታና ወደ ሕልም ወሰደችው። ከዚህ በኋላ ጌጡ ማንንም ለማታለል አይሞክርም። ትልቅ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ራሱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የዚህ ሥራ ማዕከል በሮድ አይላንድ ግዛት ያለችው ፕሮቪደንስ ነበረች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ሰው አዲስ ቀሚስ መግዛት ቢያቅተው በአሮጌው ላይ አንድ የሚያበራ የደረት ጌጥ ይሰካል። በሌላ በኩል ደግሞ ለሀብታም ጌጥ ቤቶች ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ወደዚህ ሥራ ገቡ። አልፍሬድ ፊሊፕ አንዱ ነው። ለካርቲዬና ለቫን ክሌፍ ኤንድ አርፕልስ ጌጥ ሲነድፍ ቆይቶ በ1930 ትሪፋሪ የተባለው ድርጅት ገባ። የትሪፋሪ ጌጥ ጀርባው እንኳ ያማረው ለዚህ ይመስለኛል። ገልብጣችሁ ስታዩት ሰነፍ ቦታ የለውም።

ጦርነቱ ሲመጣ ከኦስትሪያና ከቼኮስሎቫኪያ የሚገባው ፈርጥ ተቋረጠ። ቆርቆሮና ሌሎች ብረቶችም ለጦር መሣሪያ ተፈለጉ። ጌጥ ሠሪዎቹ ወደ ብር ዞሩ። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ የአሜሪካ ጌጦች በብር ላይ ወርቅ የተቀቡ ናቸው። በችግር ዘመን የተሠራው ከደህናው ዘመን የበለጠ ውድ ብረት ያለው መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

ቀስተ ደመና የሚመስለው ፈርጥ ምንድን ነው?

"አውሮራ ቦሪያሊስ" ይባላል፣ በሰሜን ዋልታ ሰማይ ላይ በሚታየው ብርሃን ስም። ስዋሮቭስኪ ከልብስ ነዳፊው ክርስቲያን ዲዮር ጋር ሆኖ በ1956 ያወጣው ነው። ፊቱ ላይ እጅግ ስስ የብረት ሽፋን በእንፋሎት መልክ ይለብሳል። ሲያዘነብሉት ሰማያዊው ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ወርቅማ ይለወጣል። በፓኬት ላይ "ኤቢ" የሚል ከተጻፈ እሱ ነው።

መድረክ ላይ ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

የመድረክ መብራት ኃይለኛና ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ነው፣ ተመልካቹ ደግሞ ሩቅ ነው። ቀለምና ጥልፍ ከሩቅ ይጠፋሉ፣ ብልጭታ ግን መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠውም ይደርሳል። ለበረዶ ላይ ጭፈራና ለዳንስ ውድድር ልብሶች የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ሁሉም የሚያውቃቸው ምሳሌዎች አሉ። ማሪሊን ሞንሮ በግንቦት 1962 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስትዘፍን የለበሰችው ቀሚስ 2,500 ያህል ራይንስቶን በእጅ ተሰፍቶበታል። ጨርቁ የቆዳዋን ቀለም የመሰለ ስስ ስለነበር በመብራቱ ሥር የሚታየው ብርሃኑ ብቻ ነበር። ያ ቀሚስ በ2016 ጨረታ ላይ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ኪየቭ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ልብስ ሰፊ ኑዲ ኮን የካንትሪ ዘፋኞችን ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በራይንስቶን አልብሷል። የማይክል ጃክሰን ነጭ ጓንት ደግሞ አለ። በ1983 በቴሌቪዥን ሲደንስ እጁ ወደየት እንደሄደ ማንም ያልጠፋው በዚያች ጓንት ነው።

መድረክ ብቻም አይደለም። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባለቤት ሜሚ አይዘንሃወር በ1953ቱ የሹመት በዓል ግብዣ ላይ ከ2,000 በላይ ራይንስቶን የተሰፋበት ሮዝ ቀሚስ ለብሳ፣ የትሪፋሪ ጌጥ አድርጋ ነበር። አልማዝ ማድረግ የማትችል ሴት አልነበረችም።

ከአልማዝና ከኪዩቢክ ዚርኮኒያ በምን ልለየው?

ኪዩቢክ ዚርኮኒያ አልማዝ የሚመስል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ጌጡን ገልብጡት። ጀርባው ተዘግቶ ወይም በብርማ ሽፋን ተለብጦ ከሆነ በአብዛኛው ራይንስቶን ነው። አልማዝ ብርሃን እንዲገባለት ብዙ ጊዜ ከኋላ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር አምጡና የገጾቹን ጠርዝ ተመልከቱ። በጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፣ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ከ8 በላይ ነው፣ ብርጭቆ 5 ወይም 6 ነው። ስለዚህ የብርጭቆ ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ይጫጫራል። የአልማዝ ጠርዝ ከብዙ ዓመት በኋላም እንደ ምላጭ ነው። ውስጡ ክብ የአየር አረፋ ካያችሁ ብርጭቆ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው።

ትንፋሽ የማልበስ ዘዴም አለ። አልማዝ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ጉሙ ወዲያው ይለቀዋል፣ ብርጭቆ ላይ ግን ይቆያል። ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ከሆነ ባለሙያ ይየው።

አሮጌ ጌጥ እጄ ገባ፤ ዕድሜውን እንዴት ልገምት?

ጀርባው ላይ ሥራ ጀምሩ። የደረት ጌጥ ከሆነ፣ መርፌው የሚያርፍበት መያዣ ክፍት የሆነ፣ መቆለፊያ የሌለው ተራ ቀለበት መሰል ቅስት ከሆነ የቆየ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ተጣጥፎ የሚቆልፍ ከሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በብሎን የሚጠብቅ ጉትቻ በአብዛኛው በጆሮ ላይ ከሚቆነጥጠው ይቀድማል፣ ቆንጣጩ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነው።

አውሮራ ቦሪያሊስ ፈርጥ ካለበት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ስም ካለበት ስሙን አጥኑ። ትሪፋሪ በ1955 ፍርድ ቤት ቀርቦ የጌጥ ንድፍ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የቅጂ መብት እንዲኖረው አስወሰነ። ከዚያ ወዲህ ከስሞች ጎን በክብ ውስጥ ያለችው የቅጂ መብት ምልክት በብዛት ትታያለች። ግን ስም የሌለው ሁሉ ዋጋ ቢስ አይደለም። እኔ ካሉኝ የምወዳት የደረት ጌጥ ምንም አልተጻፈባትም።

ፈርጡ ለምን ጠቆረ?

ጀርባው ተጎድቷል። ሰብሳቢዎች "ሞተ" ይላሉ፣ ቃሉም ልክ ነው።

ይህን የተማርኩት በዋጋ ነው። የመጀመሪያዬ አሮጌ የአንገት ሀብል አቧራ ጠግቦ ነበርና ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲወጣ አበራ። ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ከመሃል ያሉት ሦስት ፈርጦች ወደ ቢጫ ሄዱ፣ ከዚያ ግራጫ ሆኑ፣ በመጨረሻ እንደ ታወረ ዓይን ሆኑ። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ፊታቸው ንጹሕ ነው፣ አንድ ጭረት የለም። ከሥር ግን ሽፋኑ እንደ አሮጌ መስታወት ተልጦ ተጨማዷል። ውኃው በጥርሶቹ መካከል ገብቶ መውጫ አጥቶ ነበር።

የሞተ ፈርጥ በማጽዳት አይነሣም። መተካት ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ላጽዳው?

ውኃ ውስጥ ከቶ አታስገቡት። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ። ከዚያ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በጣም ትንሽ አርጥቡና የፈርጦቹን ፊት ብቻ ጥረጉ። ማጽጃውን ጥጡ ላይ እንጂ ጌጡ ላይ በቀጥታ አትርጩ። ሲያበቃ በደረቅ ጨርቅ አድርቁና ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የቀረ እርጥበት ካለ ወደ ጀርባው ሳይሆን ወደ ፊት እንዲወርድ።

ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ አስቀድማችሁ ተቀቡ፣ ጌጡን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ስታስቀምጡም ለየብቻ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሉ። አንዱ በሌላው ላይ ከተከመረ ይጫጫራሉ። አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ ጌጥ ካለ ከሌሎቹ አርቁት።

ቆዳዬን ያሳክከኛል፤ ለምን?

ፈርጡ አይደለም፣ ብረቱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኒኬል ነው። ቆዳ የሚነካውን ቦታ ቀለም አልባ ኩቴክስ መቀባት ለጊዜው ይረዳል፣ ሲለቅ ደግሞ መቀባት ያስፈልጋል። ጆሯችሁ የሚቆስል ከሆነ ግን ኒኬል የሌለበት መንጠልጠያ አስለውጡ።

እርሳስ አለበት ይባላል፤ ያሰጋል?

የቆዩት ጥሩ ፈርጦች ውስጥ ብዙ የእርሳስ ኦክሳይድ አለ፣ አንዳንዶቹ ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ። እርሳሱ ብርጭቆው ውስጥ የታሰረ ስለሆነ ጌጡን ማድረግ ስጋት የለውም። አደጋው አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። አሮጌው ብረት ራሱም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ለሕፃን መጫወቻ አትስጡ፣ በጥርስም አትክፈቱት። ስዋሮቭስኪ በ2012 ከእርሳስ ነጻ ወደሆነ ብርጭቆ ተሻግሯል።

ቀን ላይ ማድረግ ያስነውራል?

በፍጹም። አንድ ትልቅ የደረት ጌጥ በተራ ኮት ላይ ያምራል። ቀን ላይ ብርሃኑ ለስለስ ይላል፣ ያ ደግሞ የራሱ ውበት አለው።

የወደቀ ወይም የሞተ ፈርጥ እንዴት ልተካ?

መጀመሪያ ልክ። የፈርጥ መጠን በ"ኤስ ኤስ" ቁጥር ይነገራል። ኤስ ኤስ 16 ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ ኤስ ኤስ 30 ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። መቀመጫውን በትክክል ለኩ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ይታያል።

ቀጥሎ ዕድሜ። አዲስ ፈርጥ በ1940ዎቹ ጌጥ መሃል ቢገባ ከሌሎቹ በላይ ጮኾ ይታያል። ስለዚህ የተሰበሩ አሮጌ ጌጦች አትጣሉ። እኔ አንድ ሣጥን ሙሉ አለኝ፣ እያንዳንዱ ለሌላው መድኃኒት ነው። የሞቱትን ሦስቱን የሀብሌን ፈርጦች የተካሁት አንድ እግሩ ከጠፋ ጉትቻ ነው።

ከዚያ ማጣበቂያ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ ፈርጡን በነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ራሱም ቶሎ ይሰነጠቃል። ለጌጥ የተሠራ፣ ሲደርቅ ጥርት ብሎ የሚቀር ማጣበቂያ ወይም በሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራ ኢፖክሲ ይሻላል። አሮጌውን ሙጫ ከመቀመጫው በመርፌ ፍቃችሁ አውጡ። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ ጣሉ። ሌላ ስቴኪኒ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰም ለጥፉና ፈርጡን በፊቱ በኩል አንሡት፣ በጣት መንካት ጀርባውን ያበላሻል። ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት፣ ገጾቹ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል መሆናቸውን ከጎን እዩ። ጥርስ ካለው በጥፍር ጠርዝ ወይም በእንጨት ጫን ጫን አድርጉ፣ በፒንሳ አትጭመቁ። ከዚያ 24 ሰዓት ሳትነኩት ተውት።